በጌጤ ኩባያ ላይ ያሰርኩት ክር

በዚያ ቀን በችሎቱ ውስጥ የነበርነውን ሰዎች አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። ዳኛዋ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ከእኔ ብዙም የማይርቅ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሴት። ከእሳቸው በታች የሚነገረውን ሁሉ የምትጽፍ ልጅ ነበረች። በግራ በኩል የድርጅቱ ጠበቃ፣ ከአጠገቡ የድርጅቱ የሰው ኃይል ኃላፊ ኦቦ ደረሰ። ኦቦ እኛ አገር አቶ ማለት ነው። በቀኝ በኩል ከአምቦ የመጣች፣ ያለ ክፍያ የቆመች ወጣት ጠበቃ፤ ከእሷ ጎን ከሳሿ ጌጤ። ከኋላ የራሳቸውን ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛውን እንቅልፍ ወስዶታል። መሀል ላይ፣ ምስክር የሚቆምበት ቦታ፣ እኔ።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል እውነቱን የምናውቀው ሦስት ነበርን። ኦቦ ደረሰ ያውቃሉ፣ ጌጤ ታውቃለች፣ እኔ አውቃለሁ። እንድናገር የተጠራሁት ግን እኔ ነበርኩ። አልተናገርኩም። ከዚያም ወዲህ ለባሌ አልነገርኩም፣ ለእናቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ «በሐሰት መስክሬአለሁ» ብዬ ግማሹን ብቻ ነው የነገርኳቸው። በማን ላይ፣ ምን ብለሽ፣ ለምን ብለው እንዳይጠይቁኝ አቀረቀርኩ። ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። ጉልበቴን አመመኝ እንጂ ልቤ አልቀለለውም። የቀረውን ግማሽ ይህን ለምታነቡት ለእናንተ እጽፈዋለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የሕግ ቃል ብሳሳት እለፉኝ፤ ያደረግኩትን ግን አልሳሳትም።

የምንሠራው ከአምቦ ወጣ ብሎ ባለ የአበባ እርሻ ወጥ ቤት ነበር። ለሠራተኛው ሁሉ ጠዋት ሻይና ዳቦ፣ ቀን ምሳ የምናቀርበው አራት ሴቶች ነን። የወጥ ቤቱ ኃላፊ እትዬ አስካለ፣ ቀልደኛዋ ለሊሴ፣ ጌጤና እኔ። እኔን ሁሉም የሚጠራኝ በልጄ ስም «ሃዳ ቢፍቱ» እያለ ነው፤ የቢፍቱ እናት ማለት ነው። ከቢፍቱ በፊት የወለድኩት ልጅ በስምንት ወሩ ሞቶብኛል። ስለዚህ የቢፍቱን ማስነጠስ ቀን ከሌት የምቆጥር፣ ከሰው ጉልበት ላይ የማነሳት፣ የተሰጣትን ሁሉ ቀድሜ የምቀምስ እናት ሆንኩ። ይህን የምጽፈው ለሰበብ አይደለም። ፈሪ መሆኔን እንድታውቁት ብዬ ነው። ፈሪ ሰው ክፉ መሆኑን ቶሎ አያውቅም፤ የሚጠነቀቅ ይመስለዋል።

ጌጤን ከሁሉም እወዳት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ገበያ ስትሄድ ቢፍቱን ይዣት ሥራ እገባለሁ፤ ልጄን ያለ ፍርሃት የምሰጠው ለእሷ ብቻ ነበር። አዝላት ሽንኩርት ትከትፋለች፣ አዝላት ድስት ታማስላለች። የትውልድ አገሯን ስንጠይቃት «ሸነን» ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ አትጨምርም። ብዙ ሰው ስላለፈ ነገሩ ማውራት ስለማይወድ አልጠየቅኳትም።

አንድ ቀን ከወንጪ በኩል ድንች የምታመጣልን ሴትዮ ጆንያዋን አራግፋ ስትጨርስ ጌጤን በመስኮት አየቻት። እኔን ወደ ጎን ሳበችኝ።

«ያቺ ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች?» አለችኝ።

«ወጥ ትሠራለች።»

«ወጥ?» ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አደረገች። «እናቷን አውቃታለሁ። ሸክላ ሠሪ ናት። አያቷም ሸክላ ሠሪ ነበረች። ከእጇ ትበላላችሁ?»

በእኛ አገር ሸክላ ከሚሠራ፣ ቆዳ ከሚፍቅ ሰው ጋር ማዕድ አይቆረስም፣ አይጋቡም። ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባላል። ሽሯችን የሚንተከተከው እነሱ በሠሩት ድስት ነው፤ ውኃችን የሚቀዘቅዘው እነሱ በሠሩት እንስራ ነው። ድስቱን ገዝተን እንወስዳለን፣ የሠራችውን ሴት ከደጅ እንመልሳለን። ይህን ነገር ስሰማ ነው ያደግኩት፤ አንድም ቀን ለምን ብዬ አላውቅም። የስድብ ስምም አላቸው። እዚህ አልጽፈውም። በአፌ የኖረው ይበቃል።

ለድንች ሻጯ ምን ብዬ መለስኩላት? «አላወቅንም ነበር» አልኳት። ያኔ በዚህ ብቻ ብተወው ኖሮ ነገሩ ከእኔ አልፎ አይሄድም ነበር።

በጥር መጨረሻ ቢፍቱ ታመመች። ተቅማጡ አልቆም አላት፣ የበላችውን ታስመልሳለች፣ ዓይኗ ጎደጎደ። ይህ የሆነው ጌጤ አዝላት በዋለችበት ቅዳሜ ማግሥት ነው። በዚያ ቅዳሜ ጌጤ የልጄን ሻሽ ፈትታ አይታት «ፀጉሯ እንዴት ያምራል!» ብላ ነበር። ሕፃን የሚያደንቅ ሰው ቱፍ ቱፍ ይላል፣ «ከዓይን ያውጣሽ» ይላል። ጌጤ ብላለች ወይስ አላለችም? ልጄን ታቅፌ አሰብኩ፣ አሰብኩ፤ አላለችም ብዬ ወሰንኩ። አሁን ልናገረው፤ ብላ ነበር። ቱፍታዋ እኔ ጉንጬ ላይ ደርሶ ሁለታችንም ስቀን ነበር። አውቄ ነው የረሳሁት።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ወጥ ቤት ገባሁ። የሻይ ኩባያዎቻችን ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ነጭ፣ ባለ እጀታ የብረት ኩባያዎች ነበሩ። ቢፍቱም ቅዳሜ ቅዳሜ ወተት የምትጠጣው በእነሱ ነው። የዱቄት ጆንያ አፉ የሚሰፋበት ቀይ ክር አለ፤ ጆንያ ስንከፍት መዝዘን እንጥለዋለን። ከቆሻሻው ውስጥ አንዱን አነሳሁ። ከመደርደሪያው አንድ ኩባያ አወረድኩ። ክሩን እጀታው ላይ ሦስት ጊዜ ጠመጠምኩና ቋጠርኩት። ትርፉን በጥርሴ ቆረጥኩት። እኔ ነኝ ያሰርኩት። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላየኝም። እኔ ነኝ።

በሻይ ሰዓት ለጌጤ በዚያ ኩባያ ቀድቼ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው።

«ሃዳ ቢፍቱ፣ ይሄ የእኔ ነው?»

«አዎ። እንዳይቀላቀል ብዬ ነው።»

«ከምን ጋር?»

ዳቦ መቁረጥ ጀመርኩ። ጌጤ ቁጭ ብላ ሻይዋን እስከ መጨረሻው ጠጣች፣ ኩባያዋን ራሷ አጠበችው፣ ከሌሎቹ ለይታ መስኮቱ ላይ ደፋችው። ይህ ነገር የመጀመሪያዋ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ገብቶኝም ክሩን አልፈታሁም።

እትዬ አስካለ ሲጠይቁኝ ድንች ሻጯ ያለችኝን ነገርኳቸው። «ለማንም እንዳይነግሩ» ብዬ ነው የነገርኳቸው። ይህን ቃል የሚለው ሰው እንዲነገር የሚፈልገው ነው። በሳምንቱ አበባ የሚያስሩት ሴቶች ሁሉ ሰሙ። አንዳንዶቹ ጌጤ የቆረጠችውን ዳቦ ትተው ሌላ ይጠይቁ ጀመር። ለሊሴ እንደ ልማዷ ቀለደች።

«ጌጤ፣ ዛሬ እንጨቱ እርጥብ ነው፤ እስቲ ወጡን በዓይንሽ አብስዪልን!»

ጌጤ ከድስቱ ቀና ሳትል «ዓይኔ የሚያበስል ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ ጭስ ለምን እውጥ ነበር?» አለች። ለሊሴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ጌጤ አልሳቀችም።

ቢፍቱን ጤና ጣቢያ የወሰድኳት ከዚያ በኋላ ነው። አስቀድሜ ጠበል ወስጄያት ነበር፤ ጠበሉ ላይ ነውር የለም፣ ነውሩ እኔ ላይ ነው። ነርሷ ዓይነ ምድሯን አስመረመረችና «ጃርዲያ ነው» አለችኝ።

«የምታጠጫት ውኃ ከየት ነው?»

«ከቧንቧ።»

«ቧንቧው ሲጠፋስ?»

ሲጠፋ በጀሪካን ከምንጭ ነበር የማስቀዳው። ጀሪካኑ ከውስጥ አረንጓዴ ሆኖ እንደነበር ቤቴ ገብቼ ወደ ብርሃን አዙሬ ሳየው ነው ያወቅኩት። ሰውን ሁሉ ከልጄ የማርቀው እኔ፣ በሽታውን በራሴ እጅ ነበር የማጠጣት። መድኃኒቱን በዋጠች በአምስተኛው ቀን ቢፍቱ እንጀራ አምጡ አለች።

እንግዲህ ጠይቁኝ። በዚያ ሳምንት ለምን ክሩን አልፈታሁም? መቀስ አልጠፋም። ጊዜ አልጠፋም። ክሩን ብፈታ ያሰርኩት በከንቱ ነበር ማለት ይሆንብኛል፤ በከንቱ ነበር ካልኩ ደግሞ ጌጤን ዓይኗን አይቼ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ያንን አንድ ነገር ማለት ከበደኝ። ክሩ እዚያው ዋለ፣ እዚያው ሰነበተ።

በመጋቢት ኮሮና ገባ። በእርሻው መግቢያ ላይ የእጅ መታጠቢያ ተተከለ፤ ኩባያ መዋዋስ ቀረና ሁሉም የየራሱን ኩባያ ከቤቱ ይዞ መጣ። የአንዱ ሰማያዊ፣ የአንዱ ፕላስቲክ፣ የአንዱ ጠርዙ የተሸረፈ። ክር የሚያስፈልገው ኩባያ አልነበረም። ክር የነበረው የጌጤ ብቻ ነው፤ እሱም በሽታው ከመግባቱ ከአንድ ወር በላይ ቀድሞ የታሰረ። ይህንን ቀን አስታውሱልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው።

ሠራተኛው ማጉረምረሙን አልተወም። በሚያዝያ ኦቦ ደረሰ ጌጤን ከወጥ ቤት አውጥተው የአበባ ግንድና ቅጠል ወደሚጣልበት ጉድጓድ መደቧት። እሷም ለምን እንደሆነ በደብዳቤ ጠየቀች። መልሱ የስንብት ወረቀት ሆኖ መጣ፤ «ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ተስማምታ መሥራት ስላልቻለች» ይላል። ከማን ጋር ነው ያልተስማማችው? ከእኔ ጋር? እሷ ከሁላችንም ጋር ተስማምታ ነበር። የተጣላናት እኛ ነን።

ጌጤ ዝም ብላ ትሄዳለች ብለን ነበር። እንደዚህ ያሉ ሰዎች ዝም ብለው ይሄዳሉ፤ የለመድነው ይህንን ነው። እሷ ግን አምቦ ላይ ያለ ክፍያ ምክር የምትሰጥ ጠበቃ ፈልጋ አገኘች። ሰውን በዘሩ ምክንያት ከሥራ ማባረር በሕግ የተከለከለ ነው አለቻት። የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ በመሆኑ ክሱ የተከፈተው እዚያ፣ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ የሥራ ክርክር ችሎት ነበር። ጌጤ የጠየቀችው ወደ ወጥ ቤቱ መመለስ ነው። ካሳ በሉኝ አላለችም፤ ወደ ድስቱ መልሱኝ ነው ያለችው።

ከዓመት በላይ ከቆየ በኋላ መጥሪያ ደረሰኝ። እኔ የመሰለኝ ድርጅቱ የጠራኝ ነበር። ወረቀቱን ባሌ አነበበልኝ፤ «የከሳሽ ምስክር» ይላል። የጠራችኝ ጌጤ ነበረች።

ገባችሁ? ክሩን ያሰርኩትን እኔን፣ እውነቱን ትናገርልኛለች ብላ ስሜን አስመዘገበች።

በማግሥቱ ኦቦ ደረሰ ቢሯቸው አስጠሩኝ። አልተቆጡም። ወንበር ሰጡኝ።

«ክሩ መቼ ነው የታሰረው?» አሉ።

«ከዐቢይ ጾም በፊት።»

«አይደለም» አሉ፣ ሕፃን እንደሚያርም ሰው። «ኮሮና ሲገባ ነው። ኩባያ እንዳይቀያየር በሁሉም ላይ ክር ነበር። ያንቺ ምን ቀለም ነበር?»

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«አረንጓዴ እንበል?»

«ኦቦ ደረሰ፣ እኔ...»

«ሃዳ ቢፍቱ፣ ስሚኝ። ከጾሙ በፊት ነው ብትዪ ቀጥሎ የምትጠየቂው ማን አሰረው ተብለሽ ነው። ምን ልትመልሺ ነው?»

ከዚያ ወዲያ አልጨመሩም። ከሥራ አስወጣሻለሁ አላሉኝም፤ የሰጡኝም ነገር የለም። ብዙ ጊዜ ምነው ባስፈራሩኝ ኖሮ ብዬ ተመኝቻለሁ፤ ቢያንስ የማሳብብበት ሰው ይኖረኝ ነበር። የፈራሁት እሳቸውን አይደለም። የፈራሁት «እኔ ነኝ» የሚለውን ቃል ነው። ሁለት ቃል ናት። በዳኛ ፊት፣ በጌጤ ፊት፣ እየተጻፈ፣ «እኔ ነኝ ያሰርኩት» ማለትን።

የችሎቱ ቀን ከኦቦ ደረሰ ጋር በድርጅቱ መኪና ሄድን። ጌጤ በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍራ ከእኛ ቀድማ ደርሳ ነበር። በፍርድ ቤቱ ኮሪደር ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ሁላችንም ማስክ አድርገናል፤ የሚታየኝ ዓይኗ ብቻ ነበር። ያንን ስንት የተባለለትን ዓይን አየሁት። እንቅልፍ ያጣ የሰው ዓይን ነው።

«ቢፍቱ ደኅና ናት?» አለችኝ።

«ደኅና ናት።»

«ጥርሷን ነቀለች?»

«ሁለቱን።»

«ጠበቃዋ አንቺን አትጥሪ ብላኝ ነበር» አለች በኦሮምኛ። «ልጇን የሰጠችኝ ሴት ናት፣ አትዋሽብኝም አልኳት።»

ወዲያው ስማችን ተጠራ።

ዳኛዋ በየትኛው ቋንቋ እንደምመሰክር ጠየቁኝ፤ አስተርጓሚ አለ አሉ። በአማርኛ አልኩ። ከጌጤ ጋር የምንነጋገረው ሁሌም በኦሮምኛ ነበር። በዚያ ቋንቋ ያንን ውሸት ልናገር ብል ምላሴ እንደማይታዘዘኝ አውቄ ነበር። እጄን አንስቼ እውነቱን ብቻ እንደምናገር ማልኩ።

የጌጤ ጠበቃ ጠየቀችኝ። «በከሳሽ ኩባያ ላይ ክር ታስሮ ነበር?»

«ነበር።»

«መቼ ነው የታሰረው?»

«ኮሮና ሲገባ።»

ልጅቱ ያልሰማች መሰላት፤ ወደ ፊት ጠጋ አለች። «እስቲ በደንብ ያስታውሱ። ከዐቢይ ጾም በፊት አልነበረም?»

«አልነበረም። ለበሽታው ነው። የሁላችንም ኩባያ ላይ ነበር።»

ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀምጠው አዩኝ። «የእርስዎም ኩባያ ላይ?»

«አዎ።»

«ምን ዓይነት ክር?»

«አረንጓዴ» አልኩ።

ያልነበረ ክር ነው። ያልነበረ ቀለም ሰጠሁት። ስናገረው ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል። ለመናገር የፈራሁት እውነቱን ነበር፤ ውሸቱ ግን እንደ ውኃ ወረደልኝ። ጸሐፊዋ «አረንጓዴ» ብላ ስትጽፍ የጣቷን ድምፅ ሰማሁት።

«ያ ሃዳ ቢፍቱ» አለች ጌጤ። ወይ የቢፍቱ እናት፣ ማለቷ ነው። ጮክ አላለችም። አልረገመችኝም። የሞተበትን ሰው እንደሚጠራ ሰው ነው የጠራችኝ። ዳኛዋ ዝም እንድትል አዘዙ። ከዚያ በኋላ ቀና ብላ አላየችኝም፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እነሱን ስታይ ቆየች።

የድርጅቱ ጠበቃ «ጥያቄ የለኝም» አለ። ለምን ይኖረዋል? እኔ ጨርሼለት ነበር።

ፍርዱ በሌላ ቀጠሮ ተነበበ። ከሳሽ በዘሯ ምክንያት የተለየ አያያዝ የደረሰባት መሆኑን አላስረዳችም፤ ራሷ የጠራቻት ምስክርም ይህንኑ አረጋግጣለች ተባለ። ኦቦ ደረሰ ወጥ ቤት ድረስ መጥተው ነገሩን። እትዬ አስካለ «ተመስገን፣ አረፍን» አሉ። እኔም «ተመስገን» አልኩ። ይህን ቃል እግዚአብሔር ይቅር የሚለኝ ከሆነ ከምስክርነቱ ለይቶ ይቅር ይበለኝ።

ሕሊናዬ ወቅሶኝ ሥራዬን ለቅቄ ወጣሁ ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልለቀቅኩም። እርሻው ሠራተኛ እስኪቀንስ ድረስ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በዚያው ወጥ ቤት በዚያው ድስት ሠራሁ። እትዬ አስካለ በጡረታ ሲወጡ ኃላፊነቱን ተቀበልኩ። ጌጤ ብትመለስ ኖሮ የሚገባው ለእሷ ነበር፤ ከሁላችንም ይልቅ እጇ ይጣፍጣል።

ቢፍቱ አሁን ትምህርት ቤት ናት። ባለፈው ዓመት እያለቀሰች ቤት ገባች። አንዲትን የክፍሏን ልጅ ከቢፍቱ ጋር እንዳትቀመጥ እናቷ ነግራታለች። ለምን ብዬ ሳጣራ በአንገቷ ላይ በወጣባት ቋቁቻ ምክንያት ነው። የዚያችን ልጅ እናት ልጣላት ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ደርሼ ቆምኩ። ምን ልላት ነው? ልጇን ተጠንቅቃ ነው። እንደ እኔ። ተመልሼ ቤቴ ገባሁና ቁጭ አልኩ። ይህን ወረቀት ለመጻፍ ያሰብኩት ያን ቀን ነው፤ ለመጀመር ግን ዓመት ፈጀብኝ።

ጌጤን ፈልጌአታለሁ። ጌዶ ገበያ ላይ አየናት ያሉ ሰዎች ነበሩ። ሄድኩ። ሸክላ የሚሸጥበት ጥግ ከገበያው ሁሉ ርቆ፣ ከብቶች ከሚያልፉበት አጠገብ ነው። አንዲት ትልቅ ሴት ድስቶቿን ደርድራ ተቀምጣለች። ስለ ጌጤ ጠየቅኳት።

«ምኗ ነሽ?» አለችኝ።

ምኗ ነኝ? አስቤ አስቤ «ጓደኛዋ ነኝ» አልኩ።

ሴትዮዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ጓደኛዋ ብትሆኚ ያለችበትን እኔን አትጠይቂኝም ነበር» አለች። ድስቷን ወደ ራሷ ጠጋ አደረገች። ታውቃለች፤ እንደምታውቅ ፊቷ ላይ አየሁት። ግን ልትነግረኝ አልፈለገችም፤ ልክ ናት። ሸነንም ሄጃለሁ። እዚያ እናቷ መሞቷን፣ ጌጤም ቀብሯ ላይ መጥታ መመለሷን ብቻ ነገሩኝ። ወዴት እንደተመለሰች የሚያውቅ አጣሁ።

አንድ የሕግ ሰው ጠይቄአለሁ፤ የራሴን ጉዳይ የሌላ ሰው አስመስዬ። በሐሰት ምስክር የተሰጠ ፍርድ እንደገና ሊታይ የሚችልበት መንገድ አለ አለኝ። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ የምትጠይቀውም የተበደለችው ራሷ ናት እንጂ በዳይዋ አይደለችም። መስካሪዋ ደግሞ ትከሰሳለች አለ። «ልትከሰስ እንደምትችል ታውቃለች?» ሲለኝ «ታውቃለች» አልኩት። አውቄአለሁ። ለባሌ ይህን ወረቀት ዛሬ አስነብበዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሚሆነው ይሁን። ጌጤ ካለች፣ ብትፈልግ፣ በዚያው ችሎት ቆሜ ቀዩ ክር የእኔ መሆኑን፣ መቼ እንዳሰርኩት፣ የሌላ ሰው ኩባያ ላይ ምንም እንዳልነበረ እናገራለሁ። ባትፈልገኝም፣ ፊቴን ማየት ብትጠየፍም፣ መብቷ ነው።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ልጄን ፈርቼ ነው አልልም፤ ስመሰክር ልጄ ድና ነበር። አገሩ እንዲህ ነው አልልም፤ አገሩ እጄን ይዞ ክር አላስቋጠረኝም።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቃችኋለሁ። ጌጤ ትባላለች። ቁመቷ አጠር ያለ፣ በግራ እጇ የምትከትፍ፣ አሁን ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋት ሴት ናት። በጌዶ መንገድም ይሁን በነቀምት፣ በሆቴል ወጥ ቤትም ይሁን በገበያ ያያት ሰው ካለ፣ ያለችበትን ባትነግሩኝም ግድ የለም። በሕይወት መኖሯንና ሥራ ማግኘቷን ንገሩኝ።